ነግ በኔ የማያውቅ እልልታ

በየኤፍኤም ጣቢያው «ዛሬ በታሪክ» የሚሉት ነገር አለ። ጠዋት፣ ከማስታወቂያና ከእንግሊዝ ኳስ ወሬ መሃል፣ አቅራቢው ድምፁን ጎርነን አድርጎ ያነባል። በዛሬዋ ዕለት ራይት ወንድማማቾች ኪቲ ሆክ ላይ በረሩ። በዛሬዋ ዕለት ሮበርት ጎዳርድ በፈሳሽ ነዳጅ የሚሠራ ሮኬት አስወነጨፈ። በዛሬዋ ዕለት ቻክ ዬገር በቤል ኤክስ-1 ከድምፅ ቀደመ። እ.ኤ.አ. 1903፣ 1926፣ 1947። የአሜሪካን የጦር አውሮፕላንና የሚሳይል ታሪክ ከካንሳስ ልጆች ባላነሰ በቃላችን ወጥተነዋል።

እኔ የዋጃ ሰው ነኝ። ዋጃ ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች፣ ዙሪያዋን ማሽላ የከበባት የቆላ ከተማ ናት። የዚህ ሜዳ ሰው አውሮፕላንን የሚያውቀው ቲኬት ቆርጦ አይደለም። ከአያቱ ጀምሮ ከሥሩ ተደፍቶ ነው የሚያውቀው። ያ አቅራቢ ግን አንድ ቀን እንኳ ተሳስቶ «በዛሬዋ ዕለት ሐሸንጌ ዳር» ሲል ሰምቼው አላውቅም። የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ነገሬን ከወዲሁ ልበለውና ልገላገል። ከሰማይ የሚመጣ ሞት ወገን የለውም። ይህ የሰሜን ምድር ከዘጠና ዓመት በላይ በንጉሡም፣ በፋሺስቱም፣ በእንግሊዙም፣ በደርጉም፣ ዛሬ ባሉትም ዘመን ይህንኑ አይቷል። አይተን ግን አልተማርንም። ቦምቡ በሌላው ላይ ሲወርድ እልል እንላለን፤ በእኛ ላይ ሲወርድ ዓለም ዝም አለን ብለን እናለቅሳለን። ነግ በኔ የሚል አባባል የወለደ ሕዝብ፣ ነግ በኔ ማለት ተስኖታል።

መጀመሪያ የአሜሪካኖቹን ዝርዝር እንየው፤ ለምን እንደሚያብረቀርቅ እንዲገባን። ታሪኩን የጻፈው የበረረው ሰው ስለሆነ የሚቆጠረው ከፍታ፣ ፍጥነትና ርቀት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 16 ቀን 1927 የአሜሪካ ማሪን አውሮፕላኖች ኒካራጓ ውስጥ፣ ኦኮታል በምትባል ከተማ፣ የአማጺውን የሳንዲኖን ሰዎች ቁልቁል እየተወረወሩ በቦምብና በመትረየስ ፈጇቸው። የበረራ ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ቀን ከመጀመሪያዎቹ የተደራጁ የቁልቁል ድብደባዎች ተርታ አስቀምጠው ያወድሱታል። የአብራሪዎቹ መሪ ስም አለ፤ የአውሮፕላኑ ዓይነት አለ። የተፈጁት ሰዎች ስም የለም። ከኬፕ ካናቬራል መጀመሪያ የተወነጨፈው ሮኬትስ? እ.ኤ.አ. ጁላይ 24 ቀን 1950 የተተኮሰው ባምፐር 8 የታችኛው አካሉ የናዚ ቪ-2 ነበር፤ ለንደንንና አንትወርፕን ሲያፈርስ የከረመው፣ በሚተልባው-ዶራ ማጎሪያ እንደ ባሪያ በሚነዱ እስረኞች ጉልበት የተሠራው ዓይነት። መሐንዲሶቹ ከነእውቀታቸው ወደ አሜሪካ ተወሰዱ። እስረኞቹ ከዋሻው ጭስ ጋር ተረሱ። ዝርዝሩ ላይ የቀረው «የጠፈር ዘመን ጅማሬ» የሚል አርእስት ብቻ ነው።

አሜሪካኖቹን አልወቅስም። የራሳቸውን ታሪክ በሚጥማቸው መንገድ ይጽፋሉ፤ መብታቸው ነው። የምወቅሰው እኛን ነው። ቦምብ የወረደበት ሰው ልጅ ሆነን የቦምብ ጣዩን ታሪክ የምናነበንብ እኛን! የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላል አገሬው። እዚህ ግን የተወጋው ረስቶ የወጊውን ልደት ያከብራል።

ከአውሮፕላን ቦምብ የተጣለባት የመጀመሪያዋ ምድር አፍሪካ ናት። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1911 ጁሊዮ ጋቮቲ የሚባል የጣልያን መኮንን ሊቢያ ላይ ሲበር፣ ትንንሽ ቦምቦች በእጁ እየያዘ ወደ ታች ወረወረ። የአየር ድብደባ የሚባለው ነገር በዓለም የተጀመረው እንዲህ ነው። ይህን ስናገር አብዛኛው አንባቢ ራሱን እየነቀነቀ «አዎ፣ ጣልያን!» እንደሚል አውቃለሁ። ቆዩ። የኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ቦምብ የጣለ የመጀመሪያው አውሮፕላን የጣልያን አልነበረም። የራሳችን ነበር።

ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ አውሮፕላን፣ ፖቴዝ 25፣ አዲስ አበባ አረፈች። ሕዝቡ ወጥቶ ጉድ አለ። ስምንት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም.፣ አውሮፕላን አንቺም ሜዳ ላይ በበጌምድሩ ገዥ በራስ ጉግሣ ወሌ ጦር አናት ላይ መጣ። የነገሩ መነሻ ደግሞ ከዚሁ ከእኛ አገር አይርቅም፤ የራያና የአዘቦ ሕዝብ ሸፍቶ ነበርና፣ ራስ ጉግሣ እንዲያስታግሱት ታዘው ሳለ ጉዳዩ ዞሮ እሳቸው ራሳቸው አመጸኛ ተባሉ። መጀመሪያ ከሰማይ የወረደው ወረቀት ነው፤ ከጉግሣ ጋር የቆመ የተረገመ ይሁን የሚል የቤተ ክህነት ግዝት የታተመበት። ቀጥሎ ቦምብ ወረደ። አብራሪው ፈረንሣዊ፣ ትእዛዙ የአዲስ አበባ፣ ሟቹ የበጌምድርና የየጁ ገበሬ። ራስ ጉግሣ በዚያው ዕለት ወደቁ።

አዲስ አበባ እልል አለች። ዘመናዊነት ድል አደረገ ተባለ። ያኔ ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ አንድ ነበር፦ ይህ ነገር ነገ በማን ላይ ይመጣል?

መልሱ ለመምጣት ስድስት ዓመት ነው የፈጀበት። አንቺም ላይ የመንግሥቱን ጦር የመሩት የጦር ሚኒስትሩ ሙሉጌታ ይገዙ፣ በኋላ ራስ ሙሉጌታ፣ በየካቲት 1928 ዓ.ም. አምባ አራዶም ላይ ተሸንፈው ወደ ደቡብ ሲያፈገፍጉ ልጃቸው ተገደለባቸው። የልጃቸውን ደም ሊመልሱ ሲዞሩ ከጣልያን አውሮፕላን በተተኮሰ ጥይት ወደቁ። በአውሮፕላን ያሸነፉት ሰው በአውሮፕላን ሞቱ። ከወር በኋላ ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ማይጨው ላይ የመጨረሻውን ጦርነት ገጠሙ። ቀኑን ልብ በሉልኝ፦ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም.። አንቺም በሆነ በስድስተኛ ዓመቱ፣ በዚያችው ዕለት! ታሪክ እንዲህ ጣቱን ቀስሮ ሲያመለክተን ያላየን እኛ ነን፤ የሁለቱን ጦርነቶች ቀን አንድ ላይ የጻፈ የትምህርት ቤት መጽሐፍ አላጋጠመኝም።

ከማይጨው በኋላ የሆነውን ራያ ያውቀዋል። የተሸነፈው ጦር በሐሸንጌ ሐይቅ ዳር፣ በኮረም በኩል ሲጎርፍ፣ የጣልያን ካፕሮኒ አውሮፕላኖች ከላይ እየተመላለሱ ቦምብና የሰናፍጭ ጋዝ አወረዱበት። የጠማው ወደ ሐይቁ ሮጠ፤ ውሃው ተመርዟል። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ የካቲት 25 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ኮረም አጠገብ የነበረው የዶክተር ጆን ሜሊ የእንግሊዝ ቀይ መስቀል ሰፈር መስቀሉ መሬት ላይ ተዘርግቶ እየታየ ተደብድቧል። አፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን ጄኔቫ ላይ ቆመው ለመንግሥታቱ ማኅበር የተናገሩት ይህንን ነው፤ ዘጠኝ፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስምንት ሆነው እየተከታተሉ መርዙን እንደ ዝናብ የሚያርከፈክፉ አውሮፕላኖችን። የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶሪዮ በበኩሉ አገሩ ገብቶ በ1937 እ.ኤ.አ. ስለ በረራው መጽሐፍ አሳተመ። ሰው ከነፈረሱ ሲበታተን ማየቱ እንዳስደሰተው ጽፏል። ከላይ ሲያዩት እንግዲህ እንዲህ ነው።

በዚያ ዘመን አንድ አሜሪካዊ ከሥር ሆኖ አይቶታል። ጆን ሮቢንሰን ይባላል፤ ሚሲሲፒ ያደገ፣ ቺካጎ ላይ በቆዳው ቀለም ምክንያት የበረራ ትምህርት ቤት በር ተዘግቶበት በግድ ያስከፈተ ጥቁር አብራሪ። በ1927 ዓ.ም. መጥቶ የንጉሠ ነገሥቱን ጥቂት፣ መሣሪያ የሌላቸው አውሮፕላኖች መራ፤ የአድዋን መደብደብ በዓይኑ አየ፤ መልእክትና መድኃኒት እያመላለሰ ከጣልያን ተዋጊዎች ሲያመልጥ ከረመ። ከነጻነት በኋላ ተመልሶ አብራሪ አሠለጠነ፤ በ1946 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። የአሜሪካን የአየር ታሪክ ካነበብን አይቀር የምናነበው ይህን ሰው ነበር። አቅራቢዎቻችን ግን ከዬገር ጋር ከድምፅ ይቀድማሉ።

አሁን ወደሚያንገሸግሸው ልምጣ። ከጄኔቫው ንግግር ሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ራያ፣ ወጀራትና እንደርታ ሸፈቱ፤ ቀዳማይ ወያኔ የምንለው ነው። ምክንያታቸውን ትክክል ነው አይደለም ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ግብሩ፣ ሹመቱ፣ የአገር አስተዳደሩ ሁሉ ይነሳል። መንግሥቱ የመረጠው መፍትሔ ግን ምን ነበር? ከኤደን የእንግሊዝ ብሌንሃይም አውሮፕላኖች እንዲመጡና መቀሌን ጨምሮ የአመጸኛውን አገር በቦምብ እንዲደበድቡ ማስፈቀድ። በጋዝ ተደብድቤ ነበር ብሎ በዓለም ፊት ያለቀሰ መንግሥት፣ በሰባት ዓመቱ የራሱን ዜጋ በሰው አውሮፕላን አስደበደበ! ወይ ነዶ! በጄኔቫ የነደደው ቁጣ ለራያ ገበሬ ሲሆን የት ገባ?

በግንቦት 1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የወታደራዊ ዕርዳታ ስምምነት ተፈረመ። ለአሜሪካኖቹ በተሰጠው በአሥመራው ቃኘው ጣቢያ ምትክ የአየር ኃይሉ መቀመጫ ቢሾፍቱ ክንፍ አወጣች፤ መጀመሪያ ኤፍ-86 ሴበር፣ ቀጥሎ በ1958 ኤፍ-5። እዚህ ላይ ፍርደ ገምድል መሆን አልፈልግም። በሐምሌ 1969 ዚያድ ባሬ ኦጋዴንን ሲወር እነዚያ ኤፍ-5ቶች የሶማሊያን ሚጎች ሰማይ ላይ ባይለቅሙ ኖሮ ሐረርና ድሬዳዋ ምን ሊሆኑ እንደሚችሉ መገመት አያዳግትም። ለገሠ ተፈራ የመሰለ አብራሪ የጠላት ጀቶችን ጥሎ፣ እሱም ተመትቶ ወድቆ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሶማሊያ ታስሮ ወጣ። አገርን ከወራሪ ለጠበቀ ክንፍ ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ክርክሬ ከአብራሪው ጀግንነት ጋር አይደለም። ክርክሬ ወራሪን ለመመከት የተገዛ ጀት አፍንጫውን ወደ ገበያ ሲያዞር ዝም ከሚለው ሕሊናችን ጋር ነው።

አዙሯልና። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ ረቡዕ፣ የገበያ ቀን፣ ሐውዜን። የደርግ ሚጎችና ሄሊኮፕተሮች ሰው ከአገር አገር ተሰብስቦ በሚገበያይበት ሰዓት መጥተው ቀኑን ሙሉ ደበደቡት። ከሺህ በላይ ሰው አለቀ። ከዚያም በፊት ቢሆን በትግራይና በሰሜን ወሎ አማጺው በያዘው አገር ሁሉ ገበያ ከቀን ወደ ሌሊት ተሰዶ ነበር። ያን የሌሊት ገበያ ያዩ እናቶች ዛሬም አሉ፤ ሲያወሩት ሰው ያፈዝዛል። ፀሐይ ስትጠልቅ ሰው ከየጫካው ብቅ ይላል፤ ነጭ የለበሰ ነጠላውን ገልብጦ ወይም ቡሉኮ ደርቦ። ኩራዙ በእንቅብ ተጋርዶ መሬት መሬቱን ብቻ ያበራል። ማሽላውን ነቀዝ መትቶት እንደሆን የሚለዩት ዘግነው፣ በጣታቸው መሃል አሽተው፣ አንድ ሁለት ፍሬ በጥርሳቸው ሰብረው ነው። ጨው በምላስ፣ በርበሬ በሽታ፣ ብሩ በጣት ይለያል። ዶሮ ሳይጮህ ሁሉም ተበታትኖ ሜዳው ባዶ ይሆናል። ይህን ሁሉ ብልሃት ሰው ያወጣው የቀን ብርሃን የመንግሥት፣ የመንግሥትም የሚግ ስለሆነበት ነው። የሚሳይልን ርቀት በኪሎ ሜትር የሚያወሩልን ሰዎች ይህን ጥበብ በየትኛው ዝርዝር ያስገቡታል?

አሁን በዓይናችን ወዳየነው እንምጣ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ ራያን ወረረ። ቆቦ፣ ዋጃ፣ አላማጣ፣ መኾኒ፤ ሊታጨድ የደረሰ ማሽላና ጤፍ ላይ ሰማዩን አጥቁሮ ወረደ። ሰው ጅራፍ እያጮኸ፣ ጣሳ እየቀጠቀጠ፣ ነጠላ እያውለበለበ፣ ሲደክመው ቁጭ ብሎ እያለቀሰ ተከላከለ። ከከተማ ወጣቶች ለአጨዳ መጡልን፤ እግዜር ይስጣቸው። የመርጫ አውሮፕላን ግን አነሰ። አንዷ ስትመጣ ሌላዋ ተበላሸች ይባላል፤ ነፋስ አለ ይባላል፤ ነገ ይባላል። አንድ የዋጃ አዛውንት ማሽላው መሃል ቆመው «ልጄ፣ ይች አገር አውሮፕላን የላትም ማለት ነው?» አሉኝ። «አላት አባባ» አልኳቸው፤ «ለዚህ የሚሆን ነው ያነሰው።» አንበጣው ገና ከእርሻው ሳይነሳ፣ በዚያው ጥቅምት መጨረሻ፣ የትግራዩ ጦርነት ተጀመረ፤ በቀናት ውስጥ ጀቶች ሰማዩን ሞሉት። ለማሽላችን የጠፋው ክንፍ ለልጆቻችን ሞት ሞልቶ ተገኘ። ይህን እስከምሞት አልረሳውም።

ከዚያ በኋላ ያለው የእልልታ ታሪክ ነው። ኅዳር 4 ቀን የሕወሓት ሮኬቶች በባሕር ዳርና በጎንደር ኤርፖርቶች ላይ፣ በማግስቱ አሥመራ ላይ ተተኮሱ፤ አንዱ ወገን እልል አለ። ጀቶች መቀሌ ዙሪያ ደበደቡ፤ ሌላው ወገን እልል አለ። ሰኔ 15 ቀን 2013 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ ቶጎጋ በገበያ ቀን ተደበደበች፤ ከሃምሳ በላይ ሰው ሞተ። ሰኔ 15! ሐውዜን በሆነ ልክ በ33ኛ ዓመቱ! መንግሥት ኢላማው ሲቪል ለብሰው የተሰበሰቡ ታጣቂዎች ነበሩ አለ፤ ቁስለኛ ሊያነሱ የሄዱ አምቡላንሶች በኬላ ተመለሱ። ቀኑ ሆነ ተብሎ ተመረጠ አልልም። ደርግን በሐውዜን የከሰሰ አገር ያንኑ ቀን በቶጎጋ ሲደግመው እጁ አለመንቀጥቀጡ ይበቃኛል። ማኅበራዊ ሚዲያው ላይ ግን ያን ዕለት ስንቱ ነበር የሳቀው?

ወዲያው ድሮን የሚባለው መጣ። የዚህም ዘር ከዚያው ከአሜሪካ ዝርዝር ነው የሚመዘዘው፦ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2001 ኔቫዳ በረሃ ላይ ፕሪዴተር የተባለችው ድሮን ለመጀመሪያ ጊዜ ሄልፋየር ሚሳይል ተኮሰች፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር አፍጋኒስታን ላይ ሥራ ጀመረች። አብራሪው ከሞት የራቀበት ዘመን ተከፈተ። ሰውየው ቁርሱን በልቶ፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ ስክሪን ፊት ተቀምጦ፣ አህጉር አሻግሮ ይገድላል፤ ማታ ልጁን ከትምህርት ቤት ይወስዳል። አሜሪካኖቹ እኛው አርባ ምንጭ ድረስ መጥተው ሪፐር ድሮኖቻቸውን ወደ ሶማሊያ ሲያበሩ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ሲወጡ ሃሳቡን ትተውልን ሄዱ። የቱርኩ ባይራክታር፣ የቻይናው ዊንግ ሉንግ፣ የኢራኑ ሞሃጀር ተከትለው ገቡ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ስካይዊን የሚባል የራሳችን የድሮን ፋብሪካ ሪባን ተቆረጠለት፤ በቴሌቪዥን ተጨበጨበ።

የሚነሳብኝን ክርክር አውቃለሁ፤ ከጎረቤቴም ሰምቼዋለሁ። «አንተ ሰውዬ፣ ቆቦ ስትያዝ የት ነበርክ? ድሮኑ ባይመጣ ኖሮ ሕወሓት አዲስ አበባ ይገባ አልነበረም?» ይሉኛል። ክርክሩ ባዶ አይደለም። ጳጉሜ 4 ቀን 2013 ዓ.ም. በቆቦ ሰው ከቤቱ እየወጣ፣ ከእርሻው እየተመለሰ በትግራይ ተዋጊዎች ተረሽኗል፤ አምነስቲም መዝግቦታል። የራያ እናት ያን ጊዜ ሰማይ ብታይ፣ ከየትም ይምጣ ብቻ የሚያድነኝ ይምጣ ብትል፣ እኔ ማነኝና እፈርድባታለሁ? ጦር ሜዳ ላይ መሣሪያ የያዘ ሰው በመሣሪያ መመታቱ የጦርነት ሕግ ነው። ጥያቄዬ ሌላ ነው። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አላማጣ፣ ኮረም፣ ማይጨውና መኾኒ ሲደበደቡ፣ የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ ብዙ ሲቪል ሞቷል ሲል፣ የሞቱትን ለይታችሁ አውቃችኋቸዋል? አላማጣ ከዋጃ ስንት ርቀት ላይ ናት? ዘመዶቻችን፣ ገበያተኞቻችን፣ የሰርግ ሚዜዎቻችን አይደሉም እንዴ? በዚያ ዓመት በገና ዕለት ደደቢት ላይ የተፈናቃዮች መጠለያ ተመትቶ ከሃምሳ በላይ ሰው ሲያልቅስ ከእኛ ማን ሻማ አበራ?

አላበራንም። ከዚያስ? ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ድሮኑ አማራ ክልል ፍኖተ ሰላም ላይ ታየ። መሃል ከተማ፣ የሰው መሰብሰቢያ ላይ፤ ቢያንስ 26 ሰው ሞተ። ዓመት ተኩል ቀደም ብሎ «ድሮናችን» ሲሉ የነበሩ አፎች ያን ዕለት ስሙን ቀይረው «ድሮናቸው» አሉት። ማሽኑ ያው ነው። የሚያየው ካሜራ ያው ነው። የሚጫነው ቁልፍ ያው ነው። የተቀየረው በካሜራው ሥር የቆመው ሰው ብቻ ነው። ራስ ሙሉጌታ በስድስት ዓመት የተማሩትን እኛ በሃያ ወር ተማርነው፤ ያውም ከተማርነው።

ለዚህ ነው እልልታው የሚያናድደኝ። እልልታ ፈቃድ ነው። በሌላው ላይ ሲወርድ እልል ያልክለት ቦምብ፣ ነገ በደጅህ ሲወርድ ያንተ ፊርማ አለበት። ስቱዲዮ ውስጥ ካርታ ዘርግተው፣ ጣታቸውን እያሽከረከሩ «ትክክለኛ ምት» የሚሉን ተንታኞች፣ አንዳቸውም ከምቱ በኋላ ወደዚያ ቦታ ሄደው ሬሳ ሲለቅሙ አላየንም። በውጭ አገር ሶፋ ላይ ተቀምጦ፣ የድሮን ስዕል ፕሮፋይሉ ላይ ለጥፎ የሚፎክረውስ? የትግራዩም፣ የአማራውም፣ የኦሮሞውም፣ የአዲስ አበባውም ፎካሪ አንድ ናቸው፤ አንዱም እናቱን ከሥሩ አላስቀመጠም። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት የሚባለው ይኸው ነው።

ምን ይሁን ነው የምትለው? ካላችሁ፣ የምለው አለኝ። ጦርነቱን ያስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት የሽግግር ፍትሕ ይላል፤ መንግሥትም በ2016 ዓ.ም. ፖሊሲውን አጽድቋል። ከሰማይ የመጣውን ሞት ከዚያ ፋይል ውስጥ አስገቡት፤ የመንግሥትንም ጀትና ድሮን፣ የሕወሓትንም ሮኬት፣ ሁሉንም። እያንዳንዱ ድብደባ ቀኑ፣ ቦታው፣ ያዘዘው አካልና የሞቱት ሰዎች ስም ይመዝገብ፤ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በግልጽ ይቅረብ። ዜጋው በራሱ መንግሥት ቦምብ ሲሞት «ኢላማው ታጣቂ ነበር» የምትል አንዲት መግለጫ የምትዘጋው መዝገብ ሊኖር አይገባም። ገበያ፣ መጠለያ፣ ጤና ጣቢያ የመታ ሰው ከነአዛዡ ይጠየቅ። የትምህርት መጽሐፉም መጋቢት 22ን እና ሰኔ 15ን ያስተምር፤ አንቺምንና ማይጨውን በአንድ ገጽ፣ ሐውዜንንና ቶጎጋን በአንድ ገጽ። ልጆቻችን ጎዳርድን ከማወቃቸው በፊት ያ ሮኬት የት እንደሚያርፍ ይወቁ። ለድሮን ፋብሪካ የሚሆን ብር ያላት አገር፣ አንበጣና ግሪሳ ሲመጣ የመርጫ አውሮፕላን አነሰኝ ማለቷ ይቅር።

ይህ ሁሉ እስኪሆን ድረስ፣ ዋጃም ቆቦም አላማጣም መቀሌም ፍኖተ ሰላምም ለአንድ ነገር እንስማማ። የሟቾቹን ስም የማያውቅ ሰው ስለ ድብደባው ደስታውን አይናገር። እልል ማለት የፈለገ ካለም አይከለከል፤ ነገር ግን መጀመሪያ ከአንቺም እስከ ፍኖተ ሰላም ከአየር የሞቱትን አንድ በአንድ፣ ከነአባታቸው ስም፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አንብቦ ይጨርስ። ያኔ ትንፋሽ ከተረፈው እልል ይበል።